እጠፊ፣ አጥፊ፣ ታጠፊ

መስከረም 20

አለፍኩ! ከሃምሳ አርባ ሰባት! ሰማህ ወይ አንተ ሊቁ፣ ከሃምሳ አርባ ሰባት! አጠገቤ የተቀመጡት የዩኒቨርሲቲ ልጆች ሠላሳ ስምንትና አርባ ሲያመጡ፣ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወዲህ እስክሪብቶ ለፊርማ ብቻ የያዘችው የአክስትህ ልጅ አርባ ሰባት! ውጤቱን የለጠፈችው ልጅ «እማማ፣ የማንን ነው የሚፈልጉት?» አለችኝ። «የራሴን ነዋ!» አልኳት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

አሁን ትንፋሼ ስለተመለሰ ሰላምታዬን ተቀበል። ጤናህ እንዴት ነው? ያ ጉንፋን ለቀቀህ? እኛ ሁላችን ደህና ነን፣ ተመስገን። እናትህ፣ አክስቴ፣ ጉልበቷ አልታጠፍ ከማለቱ በቀር ደህና ናት። ባለቤቴም ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ የሰው ሰዓት ይጠግናል፤ የራሱ ሰዓት ከቆመ ሁለት ዓመቱ ነው። በስልክ ያልነገርኩህ «ሄሎ፣ ይሰማል?» ስንባባል ጊዜው ስለሚያልቅ ነው። ደግሞ በስልክ ታቋርጠኛለህ። ወረቀት አያቋርጥም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። በላውንደሪው ማጠፊያ ክፍል ይኸው ሃያ ሁለት ዓመቴ። የሆቴል አንሶላ፣ የሆስፒታል ጋዋን፣ ፎጣ፣ የትራስ ልብስ፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጫፍና ጫፍ እንይዛለን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንለቃለን። አሁን ግን አጣፊ ማሽን ሊመጣ ነው። ስድስት ሴቶች ቀኑን ሙሉ የምናጥፈውን በሁለት ሰዓት ያጥፈዋል አሉ። አለቃችን ሰብስባን «ሁላችሁንም ላቆያችሁ አልችልም» አለች። ልብሱን የሚያመላልሰው ሾፌር ሽማግሌ ናቸው፤ በጥር መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። «እስከዚያ መንጃ ፈቃድ ያወጣች መኪናውን ትይዛለች። ካልሆነ ከውጭ እቀጥራለሁ።» አምስቱ ሳቁ። እኔ ከሥራ እንደወጣሁ በቀጥታ ወደ አሽከርካሪዎች ማሰልጠኛው ሄድኩ። በሃምሳ አንድ ዓመቴ!

ምን ላድርግ? የእጄ አንጓ ያብጣል፤ ሐኪሙ «ማጠፍ ተዪ» ካለኝ ዓመት አልፎታል። ለጡረታ ደግሞ ገና ነኝ። እንግዲህ ወይ መሪ መያዝ ነው፣ ወይ እጅን አጣጥፎ ቤት መቀመጥ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። «አንቺ መንጃ ፈቃድ ካወጣሽማ መጥቼ አጠገብሽ እቀመጣለሁ» ብለህ በስልክ ስትስቅብኝ አክስቴም ሰምታለች፤ ድምፁን ከፍቼው ነበር። ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ መጥቶ ራሱ እየነዳ ሊያንሸራሽረኝ ነው» ብላ አውጃለች። መኪናህን ተደግፈህ የተነሳኸው ፎቶ አሁንም ከራስጌዋ አለ። የተግባር ፈተናዬ ጥቅምት 21 ነው። ሻንጣህን ማዘጋጀት ጀምር።

ያቺው ወሬዋ የማያልቀው ሬዲዮዋ


ጥቅምት 5

ይድረስ ለእትዬ።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን፣ የባለቤትሽንና የእናቴን ደህንነት እጠይቃለሁ። እኔ ሥራ ከመብዛቱ በቀር ደህና ነኝ። ስለ ጽሑፍ ፈተናው እንኳን ደስ አለሽ። የሳትሻቸው ሦስት ጥያቄዎች የትኞቹ እንደሆኑ ብታጣሪ ለተግባሩ ይጠቅምሻል።

እኔም በአጋጣሚ በዚሁ ጉዳይ ተወጥሬያለሁ። የምሠራበት የትርጉም ቢሮ ለአዲስ መጤዎች የመንጃ ፈቃድ መማሪያ መጽሐፍ በአማርኛ እያዘጋጀ ነው። መጽሐፉ መቶ አርባ ገጽ ነው። በአምስት ሳምንት ከገጽ ዘጠኝ አላለፍንም። ምክንያቱ አንድ ግስ ነው። የዚህ አገር ሰዎች መኪና አቅጣጫ ሲቀይር የሚሉት አንድ ቃል አላቸው። ኃላፊያችን አማርኛ አታውቅም፣ ግን «ለአንድ ቃል አንድ ቃል» የሚል ሕግ አላት።

ተርጓሚዎቹ ሦስት ነን። ጡረታ የወጡት መምህር «ዙር» ይባል ይላሉ። ዙር ብንለው ሰውየው አደባባዩን ሲዞር ሊውል ነው፤ ማን ውጣ አለው? ታክሲ የሚነዳው ልጅ «እጠፍ» ይላል። እኔ «ታጠፍ» እላለሁ። ትናንት ሦስት ሰዓት ሙሉ ስንከራከር ውለን፣ መምህሩ ኮታቸውን ለብሰው ሲወጡ ተሳስተው የእኔን ለብሰው ሄዱ።

ጥያቄዬ አንድ ነው። እዚያ ሾፌሮች ምን ይላሉ? አንድ ቃል። እባክሽ እትዬ፣ አንድ ቃል ብቻ፣ በአንድ ገጽ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 22

ወንድምዓለም፣ ይህ ደብዳቤ ሳቅ ባለህ ሰዓት ይድረስህ፤ እኔ ጨርሼበታለሁ።

አንድ ቃል አልከኝ። ከየት አምጥቼ? አሠልጣኛችን «ረጋ በሉ» ነው ቅጽል ስሙ፤ ሁሉን ሰው ረጋ በሉ ስለሚልና ራሱ ስለማይረጋ። እሱ ደህና ሲሆን «ቀኝ ያዢ፣ ግራ ግቢ» ይላል። ሲቸኩል «ጠምዝዢው!» ይላል። ሲናደድ «ስበሪው!» ይላል። «ምኑን ነው የምሰብረው?» «መሪውን!» «የሰው ንብረት አልሰብርም» ብዬው ሦስት ቀን ሙሉ ለተማሪው ሁሉ ሲያወራልኝ ከረመ። ወደ መጣንበት ስንመለስ «አዙሪ» ነው። ከመኪናው ወርጄ በሩን ስጋርደው ደግሞ «ዞር በይ»። አብዛኛውን ጊዜ ግን «ከመድኃኒት ቤቱ ጋ ታጠፊ» ነው የሚለው። ይኸው፣ ታጠፊ። ጻፈው።

ፈታኙ ግን ሌላ ሰው ነው።

ትናንት ተፈተንኩ። ፈታኙ ሸምገል ያለ፣ ለሁሉም አንተና አንቺ የሚል፣ ጉልበቱ ላይ ወረቀት እጁ ላይ እስክሪብቶ የማይለየው ሰው ነው። ቀበቶዬን አሠርኩ፣ ስፖኪዮ አየሁ፣ ፍሬቻ ሰጠሁ፣ እንደ ቅቤ አንሸራትቼ ወጣሁልህ። መስቀለኛው መንገድ ስንደርስ አንድ የጭነት መኪና ጡሩንባውን ለቀቀው፤ በዚያው መሃል ፈታኙ «እጠፊ!» ብሎ ጮኸ።

አሁን ልብ ብለህ ስማኝ። በእኛ ላውንደሪ በማሽኖቹ ጩኸት መካከል የሚሰሙ ሁለት ትእዛዞች አሉ። «እጠፊ!» ከተባልን እጃችን አንሶላ ይይዛል። «አጥፊ!» ከተባልን እጃችን ማጥፊያው ላይ ነው፣ ማሽኑ ጸጥ ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ! የሚሰማው ጆሮዬ አይደለም፣ እጄ ነው። መኪናው ውስጥ ደግሞ አንሶላ የለም። እጄ ፈልጎ ፈልጎ ሲያጣ ቁልፉን አገኘ። ቀጭ! መስቀለኛው መሃል ሞተሩን አጠፋሁልህ።

«ምን አደረግሽ?»

«አጠፋሁ።»

«ማን አጥፊ አለሽ?»

«እርስዎ!»

«እኔ እጠፊ ነው ያልኩት!»

«ምኑን?»

«መንገዱን!»

«መንገድ እንዴት ይታጠፋል ጌታዬ? ፎጣ ነው?»

ከኋላችን አውቶቡሱ፣ ታክሲው፣ ሞተር ብስክሌቱ፣ የሌለ ጡሩንባ የለም። ፈታኙ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈ፤ ረጅም አልነበረም። ወደቅኩ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ከሰዓቱ ቀና ሳይል «ጥፋቱ የማን ነው?» አለኝ። «አጠፋሁ፣ ግን አላጠፋሁም» አልኩት። አሁንም እያሰበበት ነው።

አንተ ሊቁ ነህ። ከልጅነትህ ጀምሮ የሰው አፍ እያረምክ ያደግክ፤ ለዚያ ነው ስሙ የወጣልህ። ፍረድ እንግዲህ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የእሱ? ሁለተኛው ፈተና ኅዳር 27 ነው፣ አለቃችንም ቀኑን ግድግዳ ላይ ጽፋዋለች። ስለ መምጣትህ አንድ መስመር አልጻፍክም። አክስቴ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ፣ የዘለልኩባት መስሏት።

ሬዲዮዋ


ኅዳር 6

ይድረስ ለእትዬ።

ሰላምታዬ ለሁላችሁም ይድረስ። ደብዳቤሽ አምስት ገጽ ነበር፤ የፈለግኩት ቃል ገጽ ሁለት ላይ ተገኝቷል። አመሰግናለሁ።

ፍርዱ ግልጽ ነው። ፈታኙ ተሳስቷል። «አጠፈ» ተሻጋሪ ግስ ነው፤ የሚታጠፍ ነገር ይፈልጋል፦ ወረቀት፣ ልብስ፣ ጉልበት፣ ቃል። «ታጠፈ» ግን ድርጊቱ በራሱ በባለቤቱ ላይ ይቀራል። መንገዱ ባለበት አለ፤ የምትታጠፊው አንቺ ነሽ። ስለዚህ «ታጠፊ» ሊልሽ ይገባ ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ ገና ከመነሳታችሁ በፊት በትሕትና አስረጂው። ሕጉ ከአንቺ ጋር ነው።

የእኛ ቢሮ ጉዳይ ብሶበታል። ታክሲ ነጂው ባለፈው ሳምንት በድምፅ አሸነፈን፤ መምህሩ ደክሟቸው ወደ እሱ ዞሩ። «እጠፍ» በአክብሮት ይጻፍ ሲባል ምን ሆነ መሰለሽ? «ወደ ቀኝ ይጠፉ»። የመጽሐፉ ናሙና ታትሞ መጣ። የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች ቢሮ ድረስ መጥተው «እኛ ምን አደረግን? ገና ከመምጣታችን ጥፉ የምትሉን?» አሉ። ኃላፊያችን ትርጉሙ ሲነገራት ሥራውን አቆመችው።

አንድ ምክር ልጨምር። ፈታኙ የእስክሪብቶውን ክዳን ሲከፍት አትዪው። ያቺን ድምፅ የሰማሽ ጊዜ እግርሽ ፍሪሲዮን ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ በራስሽ ፈቃድ አይደለም።

ስለ መምጣቴ ሁኔታዎች ሲመቻቹ እጽፋለሁ።

ወንድምሽ


ኅዳር 28

ሰላምታውን ከአክስቴ ተቀበል፤ ከእኔ ዛሬ የለህም።

ሰዋስውህ ገደል ይግባ! ምነው ያን ደብዳቤ ፖስታ ቤት በበላው! ትናንት መኪናው ውስጥ እንደገባሁ በትሕትና፣ አንተ እንዳልከው በትሕትና፣ እንዲህ አልኩት፦

«ጌታዬ፣ ዛሬ እጠፊ አይበሉኝ። አጠፈ ተሻጋሪ ግስ ነው።»

«ምን?»

«የሚታጠፍ ነገር ይፈልጋል። ታጠፊ ነው የሚባለው።»

«እኔ በዚህ ሥራ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው።»

«እኔም ሃያ ሁለት ዓመት አጥፌያለሁ።»

ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስተካከለና «ንጂ» አለኝ። ነዳሁ። መብራቱን አለፍን፣ ትምህርት ቤቱን አለፍን። የእንጨት መጋዘኑ ጋ ስንደርስ «ቀኝ እጠፊ» አለኝ።

«ምኑን?» አልኩት። እግዜር ያሳይህ፣ ከአፌ አመለጠኝ!

«ሴትዮ፣ እጠፊ ብያለሁ!»

«ዘመዴ ውጭ አገር የመንጃ ፈቃድ መጽሐፍ የሚጽፍ ነው። እሱ ያለኝን ነው የምነግርዎት፤ ታጠፊ ይበሉኝ።»

«እሺ፣ የኔ እመቤት፣ ታጠፊ።»

«አመሰግናለሁ።»

መታጠፊያውን አልፈነዋል። ግሱ ተስተካከለ፣ እኔ ወደቅኩ። ወረቀቱ ላይ «ከፈታኝ ጋር ትከራከራለች» ብሎ በሁለት መስመር ጽፎልኛል። ለአለቃችን ምን ብዬ ላስረዳት? «ግስ ነው የጣለኝ» ልበላት?

አሁን አንድ ጊዜ ብቻ ቀረኝ፣ ጥር 8። ሦስተኛውን የወደቀ ስድስት ወር ይጠብቃል፤ በጥር መጨረሻ ደግሞ መኪናው በሌላ ሰው እጅ ይገባል። አለቃችን አንድ ሾፌር ትናንት ቢሮዋ አስገብታ ስታናግር አይቻለሁ። ጫማው ያብረቀርቃል።

ሌላም ነገር አለኝ። ስለ እስክሪብቶ ክዳን የጻፍከው፣ እኔ ስለ ክዳን ነግሬህ አላውቅም። ፍሪሲዮን ላይ እግር እንደሚንቀጠቀጥ መጽሐፍ ላይ አይገኝም። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ሥራህ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ጎረቤትህ ውሻ ጽፈህልኛል፤ ስለ መኪናህ ግን ከዚያች ፎቶ በቀር አንድ ቀን እንኳ አንድ ቃል የለም! ለመሆኑ አንተ መንጃ ፈቃድ አለህ?

ደግሞ ወረቀት፣ ልብስ፣ ጉልበት፣ ቃል ብለህ ዘርዝረሃል። ወረቀቱን አንተ ታጥፋለህ፣ ልብሱን እኔ አጥፋለሁ፣ የአክስቴ ጉልበት አልታጠፍ ብሏል። ቃልን ማን እንደሚያጥፍ አንተው ንገረኝ። «ክረምቱ ሲወጣ»፣ «ሥራ ሲቀል»፣ አሁን ደግሞ «ሁኔታዎች ሲመቻቹ»። አምስት ዓመት ሙሉ ሁኔታዎችን አየናቸው፤ አንድ ቀን እንኳ አልተመቻቹም።

የአክስትህ ልጅ


ታኅሣሥ 23

መልስ የለም። የፖስታ ቤቷ ልጅ ከሩቅ ስታየኝ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። ደህና መሆንህን ብቻ ጻፍልኝ፣ ሌላው ይቅር። ተቆጥቼ ጻፍኩ፤ ቁጣዬ ግን እንደ ፎጣ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል።

ማሽኑ መጣ። ከሳጥኑ ሲወጣ ስድስታችንም እጃችንን ደረታችን ላይ አጣጥፈን ቆመን አየነው። አንሶላውን ዋጠውና አጥፎ ተፋው። አንዷ ጠጋ ብላ «ጫፉን አያገናኝም!» አለች። ደስ አለን። ተጨበጨበ ማለት ይቻላል። መካኒኩ አንዲት ብሎን አጠበቀና እንደገና ሞከረው። ጫፍና ጫፉ ገጠመ። ወደ ጠረጴዛችን ተመለስን።

ልምምዱም ተበላሽቶብኛል። ድሮ «ረጋ በሉ» ታጠፊ ሲለኝ ታጠፍኩ፣ አለቀ። አሁን ታጠፊ ሲለኝ፦ ይህ በራሴ ላይ የሚቀር ነው፣ እሺ፣ መንገዱ ባለበት አለ፣ የምታጠፈው እኔ ነኝ እያልኩ ሳስብ ከመድኃኒት ቤቱ አልፌ እንጨት መጋዘኑ ደርሻለሁ። «ምን ነካሽ? ደህና ትነጂ አልነበረም?» ይለኛል። ምን ልበለው? ተማርኩ ልበለው?

ዐሥራ አምስት ቀን ቀረኝ።

ሬዲዮዋ


ታኅሣሥ 25

ይድረስ ለእትዬ፣ ይቅርታ ከሰላምታ ይቅደም።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት ሆነው። አራት ጊዜ መልስ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጃለሁ። አሁን እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ፤ እርማት አላደርግበትም።

መንጃ ፈቃድ የለኝም። አራት ጊዜ ወድቄያለሁ። ለሌላው ሰው የመንጃ መጽሐፍ የምተረጉመው እኔ በአውቶቡስ ነው ሥራ የምገባው። ፎቶው ላይ ያለው መኪና የጎረቤቴ ነው፣ የውሻው ባለቤት። «ልደገፈው ወይ?» ብዬ አስፈቅጄ ነው የተነሳሁት። ከአምስት ዓመት በፊት ለእናቴ ስልከው መኪና አለኝ አላልኩም፤ የለኝም ግን አላልኩም። እናቴ ለአጎቶቼ ነገረች፣ አጎቶቼ ለአገሩ። ከዚያ ወዲህ ደውዬ «እመጣለሁ» ባልኩ ቁጥር «ስትመጣ እየነዳህ እንትን ቤት ትወስደናለህ፣ እንትናን ትጠይቅልናለህ» ይሉኛል። በር ላይ የመኪና ቁልፍ ይዘው ሲጠብቁኝ በዓይኔ ይታየኛል። ሁኔታዎች አልተመቻቹም ያልኩሽ ይህ ነው፣ ሌላ ሁኔታ የለም።

ለምን እንደምወድቅ ልንገርሽ። ፈታኙ በእነሱ ቋንቋ ይነግረኛል። እሰማለሁ። ወደ አማርኛ እመልሰዋለሁ። ዙር ነው ወይስ ታጠፍ? ትርጉሙን አጣራለሁ። ታጠፍ ነው፤ እርግጠኛ ነኝ። ቀና ስል መታጠፊያው ከኋላዬ ነው። አንቺን የጣለሽ የእኔ በሽታ ነው፤ በፖስታ ነው የላክሁልሽ።

ቢሮውም አለቀ። ኃላፊያችን ጠርታን «ከእናንተ ክርክር ሥዕል ይሻለኛል» አለች። ግሱን አወጣችና ቀስት አስገባች። ሦስት ወር ያህል የተጣላንበት ቦታ ላይ አሁን አንዲት ወደ ቀኝ የምታይ ቀስት አለች። መምህሩ «ቀስቷም ብትሆን አቀማመጧ ትክክል አይደለም» ብለው አቤቱታ አስገብተዋል።

እትዬ፣ ጥር 8 የነገርኩሽን ሁሉ እርሺው። ይህን ለማንም አትንገሪ። ለእናቴ በተለይ።

ወንድምሽ


ጥር 9

አለቀ! በቃ! የእኔ ነው! ትናንት ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ አለፍኩ፣ መኪናውም የእኔ ነው! አለቃችን ቁልፉን እጄ ላይ ስታስቀምጥ የአንጓዬን ሕመም ረሳሁት። ባለ ጫማው ሾፌር ወደ መጣበት ታጥፎ ተመልሷል!

ወንድምዓለም፣ ሰላም ላንተ ይሁን፣ ሰላምታዬም ከእነ ሳቄ ይድረስህ። ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰ። እንደ ልማዳችን ለአክስቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ለእናቴ በተለይ» የምትለዋ መጨረሻ ላይ ናት እኮ! እዚያ ስደርስ ሁሉም ተነቧል። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ማስጠንቀቂያውን ከላይ ያደርጋል እንጂ! ደንግጬ ቀና ብዬ አየኋት። አክስቴ ምን አለች መሰለህ?

«ለዚህ ነው? አምስት ዓመት ለዚህ ነው የቀረብኝ?»

«አክስቴ፣ አፍሮ እኮ ነው።»

«እኔ ልጄን ሲነዳ ላየው ነው እንዴ የፈለግኩት? በር ሲገባ ላየው ነው እንጂ! ያቺን ፎቶ አምጪልኝ።»

አመጣሁላት። ብዙ ጊዜ አየቻትና «ለመሆኑ የሰው መኪና ተደግፎ ኮቱን አላቆሸሸም?» አለች። ከዚያ ሳቀች። ከዚያ ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ ደግሞ አንተን ስትሰድብ አረፈደች፤ ስድቡን ስትመጣ ራሷ ትነግርሃለች።

ወደ ፈተናው። ፈታኙ ሲያየኝ ከእኔ ቀድሞ ቀበቶውን አሠረ። «ደህና አደርሽ?» አለኝ፣ ድምፁ ጠንቃቃ ነው። «እግዜር ይመስገን፣ እርስዎስ?» አልኩት። ምላሴን በጥርሴ ይዣታለሁ። ተነሳን። መብራቱን አለፍን። የትምህርት ቤቱ አጥር እያለቀ ነው።

«ወደ ቀኝ…» አለና ዝም።

ጠበቅኩ።

«ወደ ቀኝ…» አለ እንደገና። በዓይኔ ጠርዝ አየሁት። አፉ ተከፍቷል፣ ግስ ፍለጋ ላይ ነው! የሃያ ስድስት ዓመት ፈታኝ፣ ግስ ጠፍቶበት መንገዱን ያየዋል። እጠፊ እንዳይል እኔ አለሁ፣ ታጠፊ እንዳይል ኩራቱ አለ። መታጠፊያው እየመጣ ነው። አንተ ትዝ አልከኝ፤ እዚያ አገር ቀና ስትል መታጠፊያው ከኋላህ የሚሆንብህ። ምን ዓይነት ስቃይ ነው ብዬ ለሁለታችሁም አዘንኩ። ፍሬቻ ሰጠሁ፣ ስፖኪዮ አየሁ፣ ማርሽ ቀነስኩ፣ እጥፍ አልኩልህ።

«እሱን!» አለኝ ሰውየው፣ ትንፋሹን ለቆ። «እሱን ማለቴ ነው!»

ከዚያ በኋላ አንድ ግስ አልተናገረም። በእጁ ብቻ እያሳየኝ ከተማውን ዞርን። ስንመለስ ወረቀቱን ሲፈርም «ያ ዘመድሽ መጽሐፉን እንዴት ጨረሰው?» አለኝ። «በቀስት ጨረሱት» አልኩት። «ብልሆች ናቸው» አለ፣ ከልቡ።

ሰኞ ከአሮጌው ሾፌር ጋር እጀምራለሁ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ የሆቴሉንና የሆስፒታሉን በር ያሳዩኛል። ደስታዬ ግን ሙሉ ነው አልልህም። ከአምስቱ ሁለቱ ወደ መተኮሻ ክፍል ተዛወሩ። ሦስቱ የወሩ መጨረሻ ላይ ይወጣሉ፤ ጨዋታውን ሁሉ የምታመጣልን ያቺ ቀጭኗ ሳትቀር። «እንኳን ደስ አለሽ» ብላ ስትስመኝ እጇ አሁንም የአንሶላ ጫፍ እንደያዘ ነበር። ምን እላለሁ? «ሰኞ ማሰልጠኛው ድረስ እወስድሻለሁ፣ ሌላም ላውንደሪ ሾፌር ይፈልጋል» አልኳት። «በምን ትወስጂኛለሽ?» አለች። «በመኪና ነዋ!» ያን ጊዜ ነው የሳቀችው።

አሁን ስማኝ፣ ለዚህኛው ክርክር የለም። አለቃችን ለአንድ እሑድ መኪናውን ፈቅዳልኛለች። አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ የምትጠብቅህ ሾፌር እኔ ነኝ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ከኪሴም አይወጣም። ከአጎቶችህ አንዱ «እስቲ አንተ ንዳ» ቢልህ «ሾፌሯ አትፈቅድም» በለው፤ እውነትም አልፈቅድም። ለመምጫህ ለምናዘጋጀው ምሳ ሁሉንም ጠርቻለሁ፦ አጎቶችህ ከነልጆቻቸው፣ ስድስታችንም የማጠፊያ ክፍል ሴቶች፣ «ረጋ በሉ»፣ አሮጌው ሾፌር ከነባለቤታቸው። ፈታኙንም ጠርቼዋለሁ፤ ሰዋስው ካልተነሳ እመጣለሁ ብሏል። ባለቤቴ እንኳ የራሱን ሰዓት ሊጠግን ነው፣ እንዳያረፍድ። አክስቴ ቀኑን ደብዳቤው መጨረሻ ላይ በትልቁ ጻፊለት፣ እንዳይዘለው ብላኛለች። ይኸው በትልቁ፦

የካቲት 16፣ እሑድ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ እኛ ቤት።